ዜሮ ብር የተጠየቀው እንግዳ፦ ትንሽ የሶፍትዌር ፕሮጀክት ከመጀመሪያው ቀን እስከ ርክክብ

ከጥቂት ዓመታት በፊት ሀዋሳ ውስጥ ለአንድ ፔንሲዮን የእንግዳ መመዝገቢያና የሂሳብ ሲስተም ሠርተን ነበር። ሦስት ነበርን። አራት ወር ፈጀብን። ባለቤቱን ያገኘናቸው ሁለቴ ብቻ ነው፤ አንዴ ሥራውን ስንቀበል፣ አንዴ ስናስረክብ። በመሀል ምንም አላሳየናቸውም። "ሳያልቅ ምን እናሳያለን?" ነበር የምንለው።

ባስረከብን በሁለተኛው ሌሊት፣ ለዓርብ አጥቢያ፣ መኪናው መንገድ ላይ ተበላሽቶበት ያመሸ አንድ እንግዳ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ ገባ። ጠዋት 4 ሰዓት ላይ ቁልፍ ሲመልስ ሲስተሙ ሂሳቡን አወጣ። ዜሮ ብር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኮምፒውተሩ የሚያውቀው የፈረንጅ ሰዓት ነው። ከሌሊቱ 7 ሰዓት ለእሱ ዓርብ 1፡00 ነው። ዓርብ ገባ፣ ዓርብ ወጣ፣ ያደረበት ሌሊት ዜሮ፣ ዜሮ በክፍሉ ዋጋ ሲባዛ ዜሮ። እንግዳ ተቀባይዋ ደግሞ በመዝገቧ ላይ ሰውዬውን ሐሙስ ገጽ ላይ ነበር የጻፈችው። እዚህ አገር ቀን የሚለወጠው ሲነጋ ነዋ! ለእሷ ሌሊቱ ገና የሐሙስ ነበር።

ስህተቱ ኮዱ ውስጥ ሁለት መስመር ነበረች። ግን የቀን ሽያጩ፣ የካዝና መዝጊያው፣ የወር ሪፖርቱ፣ ሁሉም እነዚያ ሁለት መስመሮች ላይ ተንጠልጥሎ ስለነበር ማስተካከሉ ሦስት ሳምንት በላ። በነጻ። ከእንግዳ ተቀባይዋ ጋር አንድ ማታ ቁጭ ብንል ኖሮ በመጀመሪያው ቀን እናውቀው ነበር።

እንዲህ ያለውን ነገር በአራተኛው ወር ሳይሆን በሁለተኛው ሳምንት ለመያዝ እንዴት እንደሚሠራ ነው ከዚህ በታች የምጽፈው። ከሁለት እስከ አምስት ሰው ሆናችሁ ለሆቴል፣ ለክሊኒክ፣ ለመጋዘን ሲስተም ለምትሠሩ።

ስሞቹን ቶሎ እንጨርሳቸው

ቃለ መጠይቅ ላይ ስለሚጠየቁ ማወቁ አይከፋም። ዋተርፎል ማለት ሥራውን በተራ መጨረስ ነው፤ ፍላጎት ይሰበሰባል፣ ከዚያ ዲዛይን፣ ከዚያ ኮድ፣ ከዚያ ፍተሻ፣ ከዚያ ርክክብ። የሚገርመው፣ ዊንስተን ሮይስ የሚባለው አሜሪካዊ ይህን አካሄድ እ.ኤ.አ. በ1970 በሥዕል ባስቀመጠበት ጽሑፍ ላይ ራሱ አስጠንቅቆበታል። ፍተሻው መጨረሻ ላይ ስለሚመጣ አደጋ አለው ነው ያለው። እንዲያውም ሶፍትዌሩ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሠራ ዓይነት ከሆነ ሁለቴ ሥሩት፣ ደንበኛው እጅ የሚገባው ሁለተኛው ይሁን ብሎ መክሯል። ሰዉ ሥዕሉን ወሰደ፣ ማስጠንቀቂያውን እዚያው ተወው።

አጃይል እ.ኤ.አ. በ2001 አሜሪካ፣ ዩታ ውስጥ ስኖውበርድ በሚባል ቦታ 17 ሰዎች ተሰብስበው የተስማሙበት አቋም ነው። ባጭሩ ከሰነድ ክምር ይልቅ የሚሠራ ሶፍትዌር፣ በውል ከመከራከር ይልቅ ከደንበኛው ጋር አብሮ መሥራት፣ ዕቅድን ሙጥኝ ከማለት ይልቅ ለለውጥ ዝግጁ መሆን፣ ከአሠራር ደንብና ከመሣሪያ ይልቅ ሰዎቹና ንግግራቸው ይቀድማል ይላሉ። ሰነድ አያስፈልግም አላሉም። ይህቺን ሰበብ አድርጎ ምንም የማይጽፍ ዴቨሎፐር ሞልቷል።

ስክረም የአጃይል አንዱ አሠራር ነው፤ ሥራው ከአንድ ወር በማይበልጡ ዙሮች ይከፈላል፣ ዙሩ ስፕሪንት ይባላል። ካንባን ደግሞ ከጃፓኑ ቶዮታ ፋብሪካ የመጣ ነው፤ ሥራው ግድግዳ ላይ በሚለጠፍ ካርድ ይታያል፣ በአንድ ጊዜ የሚጀመረው ሥራም ቁጥር ይገደብለታል።

የኔ ምክር? ሦስት ሰው ሆናችሁ ሙሉ ስክረም አትሞክሩ፤ ስብሰባ ይበላችኋል። የሁለት ሳምንቱን ዙር ከስክረም፣ ግድግዳውን ከካንባን ውሰዱና ወደ ሥራ ግቡ።

1. ኮምፒውተር ሳትከፍቱ ሄዳችሁ ቁጭ በሉ

ባለቤቱን ብቻ አታነጋግሩ። ባለቤቱ የሚነግሯችሁ ሥራው እንዴት መሆን እንዳለበት ነው። እንዴት እንደሆነ የሚያውቀው ጠረጴዛው ጋ ያለው ሰው ነው። ስለዚህ አንድ ሙሉ ፈረቃ፣ ቢቻል የማታውን፣ ከእንግዳ ተቀባይዋ ጎን ተቀመጡ። "ምን ዓይነት ሲስተም ትፈልጊያለሽ?" ብላችሁ አትጠይቋት። መልሷ "ያው ጥሩ ነገር" ነው የሚሆነው። "ትናንት የገባውን የመጨረሻውን እንግዳ እንዴት እንደመዘገብሽው አሳዪኝ" በሏት። እጇ መዝገቡ ላይ ሲሄድ ተከተሉ።

ሁለተኛውን ፕሮጀክታችንን፣ ሌላ ፔንሲዮን ነው፣ እንደዚህ ነበር የጀመርነው። ወርቁ ያለው መዝገቡ ጠርዝ ላይ በእስክሪብቶ የተጫረው ላይ ነው። "ዱቤ"። "የሹፌር"። "ቁልፍ ወስዶ ሄደ"። "ግማሽ ከፍሏል፣ ቀሪው በቴሌብር"። እያንዳንዷ ጭረት ፎርማችሁ ላይ ያልነበረች ሳጥን ናት። ስም እንኳ! እኛ የኢንተርኔት ናሙና ገልብጠን "ስም" እና "የቤተሰብ ስም" ብለን ነበር። የቤተሰብ ስም የሚባል ነገር የለንም፤ ሰው የራሱን፣ የአባቱንና የአያቱን ስም ነው የሚሰጠው። ወር መምረጫውም 12 ወር ብቻ ነበረው፤ ጳጉሜ ላይ የሚመጣ እንግዳ የት ይግባ?

ከፈረቃው በኋላ ያያችሁትን በዚያው ቀን ጻፉ። ነገ ግማሹ ይጠፋል።

2. አንድ ገጽ ጻፉ፣ ይፈረምበት

አንድ ገጽ ብቻ። ችግሩ ምንድን ነው፣ ማን ይጠቀምበታል፣ ምን ይሠራል፣ ስንት ብር በስንት ዙር ይከፈላል። ከሁሉም በላይ ግን፣ ምን አይሠራም። ይህቺ የመጨረሻዋ ክፍል ናት እንጀራችሁን የምታድን። "የሬስቶራንቱን ሂሳብ አይጨምርም። የሞባይል አፕ የለውም። የሠራተኛ ደመወዝ አይሠራም።" ተብሎ ካልተጻፈ ሁሉም ውስጡ እንዳለ ይቆጠራል።

ክፍያውን በወር አትከፋፍሉ፤ በሚታይ ነገር ከፋፍሉት። ቅድመ ክፍያ ተቀበሉ፣ ከዚያ የመጀመሪያው የሚሠራ ክፍል ሲታይ፣ ከዚያ ሁለተኛው፣ የመጨረሻው ደግሞ ርክክብ ላይ። ሁሉም ክፍያ መጨረሻ ላይ ከሆነ ጨዋታው ከእጃችሁ ወጥቷል።

የመንግሥት ቢሮ ጨረታ ከሆነ ነገሩ ይለያል። ዝርዝሩ አስቀድሞ ተጽፏል፣ ዋጋው ተቆርጧል፣ ውሉ ዋተርፎል ነው። አትታገሉት። ሰነዱን በፈለጉት ቅደም ተከተል አስገቡላቸው፣ በውስጥ ግን ሥራውን በሁለት ሳምንት ዙር ሥሩ፤ ማንም አይከለክላችሁም።

3. ሥራውን እንደ ዳቦ ሳይሆን እንደ ድፎ ቁረጡ

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው።

የለመድነው አከፋፈል እንዲህ ነው፦ አንዱ ዳታቤዙን ይሠራል፣ አንዱ ሰርቨሩን፣ አንዱ ገጾቹን፣ መጨረሻ ላይ እናገናኛለን። ሦስት ትናንሽ ዳቦ ተጋግሮ አንዱ እርሾ፣ አንዱ ጨው፣ አንዱ ዱቄት ብቻ ቢሆን ማን ይበላዋል? ድፎ ግን ስትቆርጡት እያንዳንዱ ቁራጭ ከላይ እስከ ታች ሙሉ ነው። ቅርፊቱም ለስላሳውም አለው። ሥራውንም እንደዚያ ቁረጡት፤ እያንዳንዱ ቁራጭ ትንሽ ዳታቤዝ፣ ትንሽ ኮድ፣ ትንሽ ገጽ ይኑረው፣ እና ለብቻው የሚጠቅም ይሁን።

አንድ ቁራጭ በካርድ ላይ ሲጻፍ ይህን ይመስላል፦

"እንግዳ ተቀባይዋ አንድ እንግዳ ታስገባለች፣ ስታስወጣው ሂሳቡን ታያለች።
አለቀ የሚባለው፦ ማታ 2 ሰዓት ገብቶ በማግስቱ ጠዋት ለወጣ የአንድ ሌሊት ሂሳብ ሲመጣ፤ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ገብቶ ያንኑ ጠዋት ለወጣም የአንድ ሌሊት ሲመጣ፤ ቀን ለ3 ሰዓት ብቻ ላረፈ የቀን ዋጋው ሲመጣ።"

"አለቀ የሚባለው" የምትለዋን መስመር አትዝለሏት። ከሌለች "ጨርሻለሁ" ማለት ለአንዱ ኮዱን ጻፍኩ ነው፣ ለሌላው ሞከርኩት ነው፣ ለደንበኛው ደግሞ ነገ እጠቀምበታለሁ ነው። መስመሯን ከእንግዳ ተቀባይዋ ጋር ሆናችሁ ጻፏት። የሌሊት 7 ሰዓቱን ጉዳይ ሁለተኛው ፔንሲዮን ውስጥ ያነሳችው ራሷ ናት፣ ሳንጠይቃት፦ "ወንድሜ፣ ሌሊት የሚመጡትስ? የትኛው ቀን ላይ ነው የማስገባቸው?" አለችኝ። ልሳማት ምንም አልቀረኝም።

መፍትሔው ትላልቅ ሆቴሎች ሲጠቀሙበት የኖረ ነው፤ የኮምፒውተሩን ቀንና የሥራ ቀኑን ለያዩ። የሥራ ቀኑ የሚለወጠው እኩለ ሌሊት ላይ ሳይሆን የሌሊቱ ሠራተኛ ሂሳብ ሲዘጋ ነው።

4. ተራ አስይዙ

ካርዶቹን ጠረጴዛ ላይ ዘርግታችሁ ባለቤቱን ጥሩ። "ሁሉም አስፈላጊ ነው" ይላሉ። እሺ በሏቸውና አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ "ጋሼ፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ አንዱ ብቻ ቢኖርዎት የትኛው ይሁን?" ከዚያ "ሁለተኛውስ?" እያላችሁ ሂዱ። ካርዶቹ በአንድ መስመር ይሰለፋሉ። ይህ ሰልፍ ነው ባክሎግ የሚባለው። ዳሽቦርድና ባለቀለም ግራፍ ሁሌም መጀመሪያ ይጠየቃል፣ ሁሌም መጨረሻ ላይ ነው የሚያስፈልገው። ዳታ ሳይኖር ግራፍ ከየት ይመጣል?

5. ግምት

"ስንት ቀን ይፈጃል?" ሲባል ወዲያው አትመልሱ። በአፍ ይጠፉ በለፈለፉ ነው። ካርዱን አንብቡ፣ ሦስታችሁም ሳትተያዩ ቁጥር ወረቀት ላይ ጻፉ፤ 1፣ 2፣ 3፣ 5፣ 8 ወይም 13። ቁጥሩ ቀን አይደለም፣ የክብደት ንጽጽር ነው፤ ነጥብ እንለዋለን። እኩል ገልብጡ። አንዱ 2፣ ሌላው 8 ካለ ደስ ይበላችሁ፤ አንዱ ያላየውን ነገር ሌላው አይቷል ማለት ነው። አነጋግሯቸውና እንደገና ጻፉ። ከ8 በላይ የሆነ ካርድ ይቆረጥ። ይህን አቶቴ አካባቢ ቡና ቤት ውስጥ፣ ስኒ ሥር ወረቀት እየደበቅን ነበር የምናደርገው፤ ሰው ቁማር የሚመስለው ጨዋታ ነው። በእንግሊዝኛም ፕላኒንግ ፖከር ነው ስሙ፣ አልተሳሳቱም።

ሁለት ዙር ከሠራችሁ በኋላ በአንድ ዙር ስንት ነጥብ እንደምትጨርሱ ይታወቃል። ከዚያ በኋላ መገመት ትቶ ማካፈል ነው፤ የቀረው 60 ነጥብ ከሆነና በዙር 12 ከጨረሳችሁ አምስት ዙር፣ አሥር ሳምንት።

ካላንደሩን ግን እዩ። ሀዋሳ ላይ ታህሳስ 19 የገብርኤል ንግሥ ሲሆን ፔንሲዮን ሁሉ ይሞላል፤ በዚያ ሳምንት እንግዳ ተቀባይ ቀና ብሎ አያያችሁም፣ አዲስ ነገር መጫንም እብደት ነው። ፍቼ ጨምባላላ ደግሞ ቀኑ በግድግዳ ካላንደር አይገኝም፤ የሲዳማ አዋቂዎች ኮከብ ቆጥረው ነው የሚወስኑት። ስለዚህ በበዓሉ ሰሞን ዴድላይን አታስቀምጡ። የመብራትና የኔትወርክ ነገርም አለ። እኔ በሁለት ሳምንት ውስጥ ካሉት አሥር የሥራ ቀናት ስምንቱን ብቻ ነው የምቆጥረው።

6. ግድግዳ

ሥራ መከታተያዎቹ ሶፍትዌሮች፣ ትሬሎም ጂራም፣ ጥሩ ናቸው። ለሦስት ሰው ግን ግድግዳና ተለጣፊ ወረቀት ይበቃል፤ መብራት ሲጠፋም ይታያል። ሦስት ዓምድ፦ ያልተጀመረ፣ የተጀመረ፣ ያለቀ። "የተጀመረ" የሚለው ሥር ከሦስት በላይ ወረቀት አይለጠፍ። አሞራ ገደል ዓሣ የሚጠብሱትን አይታችኋል? ሰልፉ ስለረዘመ ብለው መጥበሻው ከሚችለው በላይ አይከቱም፤ ከከተቱ ዘይቱ ይቀዘቅዛል፣ ሁሉም ዓሣ ጥሬ ይወጣል። አዲስ ካርድ ማንሳት የፈለገ መጀመሪያ የተጀመረውን ያስጨርስ፣ የጓደኛውም ቢሆን።

ኮዱን ከመጀመሪያው ቀን ጊት ላይ፣ የኮዱን ለውጥ ሁሉ በሚመዘግበው መሣሪያ ላይ፣ አድርጉት። በፍላሽ መቀባበል ይቅር። ስለዚህ ሌላ የምለው የለኝም።

7. የሁለት ሳምንቱ ዙር

ሰኞ ጠዋት ከሰልፉ ላይ የላይኞቹን ካርዶች አንሡ፣ በዙሩ የሚያልቁትን ብቻ። በየቀኑ 15 ደቂቃ ቆማችሁ ተነጋገሩ፦ ትናንት ምን አለቀ፣ ዛሬ ምን ይሠራል፣ ምን ያዘኝ። ሦስተኛዋ ናት ዋናዋ። በቴሌግራም አታድርጉት፤ ቴሌግራም ላይ ሁሉም "ሰላም ነው" ነው የሚለው፣ ፊት ለፊት ግን የተጨነቀ ሰው ያስታውቃል።

በሁለተኛው ዓርብ ኮምፒውተሩን ይዛችሁ ፔንሲዮኑ ጋ ሂዱ። ማሳየት አይደለም ሥራችሁ፤ ማውሱን ለእንግዳ ተቀባይዋ ሰጥታችሁ እጃችሁን ኪስ ውስጥ ክተቱ። "እዚህ ጋ ተጫኚ" ማለት ክልክል ነው። የቆመችበትን፣ ያመነታችበትን፣ የተሳሳተችበትን ጻፉ። የመጀመሪያው ዓርብ ያሳፍራል። እኛ ጋ ሰዓት መጻፊያው ላይ "2" ጻፈች፣ ሲስተሙም ከሌሊቱ 8 ሰዓት ብሎ መዘገበው፤ እሷ ግን የጠዋቱን ነበር። ሁለት ሳምንት የሠራነው ነው፣ በአንድ ከሰዓት ተስተካከለ። ከመጀመሪያው ፕሮጀክት ሦስት ሳምንት ጋር አወዳድሩት።

ስትመለሱ ግማሽ ሰዓት ለራሳችሁ ስጡ። ምን ደግ ሆነ፣ ምን አናደደን፣ በሚቀጥለው ዙር አንድ ምን እንለውጥ። አንድ ብቻ። አምስት ነገር ለመለወጥ የተስማማ ቡድን ምንም አይለውጥም።

8. "ትንሽ ነገር ናት" ሲመጣ

ይመጣል። "ልጆቼ፣ ይቺማ ትንሽ ነገር ናት፣ ጨምሩልኝ።" እምቢ አትበሉ። እሺም አትበሉ። ካርድ አውጥታችሁ እያዩ ጻፉት፣ ነጥብ ስጡት፣ ከዚያ ሰልፉን አሳይታችሁ "ጋሼ፣ ይህን እናስገባለን፤ በሱ ፈንታ የትኛው ይውጣ?" በሉ። ከዚህ በኋላ ጭቅጭቁ በእናንተና በእሳቸው መካከል አይደለም፣ በካርድና በካርድ መካከል ነው። ግማሹ ጥያቄ እዚያው ይሞታል። ቀሪው እውነትም አስፈላጊ ስለሆነ ሰልፉ ውስጥ መግባት አለበት። የተጀመረ ዙር ውስጥ ግን፣ ሲስተሙ ካልቆመ በቀር፣ ምንም አይገባም።

9. ሲዘገይ

መዘግየቱን ባወቃችሁበት ቀን ተናገሩ። ዴድላይኑ ሊደርስ ሁለት ቀን ሲቀረው የሚነገር መዘግየት ውሸት ነው የሚመስለው። ቀጥሎ የሚመጣው ሐሳብ ደግሞ ሰው መጨመር ነው፤ ዩኒቨርሲቲው ቅርብ ነው፣ ሁለት ተመራቂ ጨምረን እንጨርስ። ኦኤስ 360 የተባለውን የአይቢኤም ኮምፒውተሮች ማስኬጃ ሶፍትዌር ሥራ የመራው ፍሬድ ብሩክስ እ.ኤ.አ. በ1975 የጻፈው ነገር እስካሁን አልተሻረም፤ የዘገየ የሶፍትዌር ፕሮጀክት ላይ ሰው ሲጨመር ይበልጥ ይዘገያል። አዲሱን ሰው የሚያስተምረው ያው የተጨናነቀው ሰው ነዋ። ደግሞም ሦስት ሰው መካከል ያለው የመነጋገሪያ መስመር 3 ነው፣ ስድስት ስትሆኑ 15 ይሆናል።

የሚሠራው አንድ ነገር ነው፤ ከሰልፉ ጭራ ካርድ መቁረጥ። ተራውን ባለቤቱ ራሳቸው ስላስያዙት ጭራው ላይ ያለው ብዙም የማያስቆጭ ነው። ፍተሻን ግን አትቁረጡ።

10. ርክክብ

መዝገቡን አትቀሙ። ሲስተሙና መዝገቡ ለሁለት ሳምንት ጎን ለጎን ይሥሩ። እንግዳ ተቀባይዋ ሥራ በዝቶባት ታጉረመርማለች፣ ልክ ናት፤ ለሁለት ሳምንት ብቻ እንደሆነ ንገሯት፣ ባለቤቱም ለእነዚያ ቀናት ትንሽ ነገር ይጨምሩላት። በየማታው ሁለቱን ሂሳብ አስተያዩ። ባካፕ በየሌሊቱ ወደ ሌላ ቦታ ይሂድ፣ ከዚያ ባካፑን አንድ ጊዜ እውነት መልሳችሁ ሞክሩት፤ ተመልሶ ያልተሞከረ ባካፕ እንደሌለ ቁጠሩት። የይለፍ ቃሎቹን በፖስታ አሽጋችሁ ለባለቤቱ ስጡ። ከርክክብ በኋላ ስንት ወር በነጻ እንደምታስተካክሉ፣ ከዚያ ወዲያ በወር ስንት እንደሚከፈላችሁ በዚያችው አንድ ገጽ ላይ ይኑር።

ሁለተኛው ፔንሲዮን ውስጥ ስምንት ቀን ሁለቱ ሂሳብ ገጠመ። በዘጠነኛው ማታ 200 ብር ልዩነት መጣ። ሦስታችንም ላፕቶፕ ከፍተን እስከ ሌሊቱ 6 ሰዓት ኮድ ስንበረብር ቆየን። በመጨረሻ እንግዳ ተቀባይዋ መዝገቧን ጣቷን እያስኬደች ደመረችና ሳቀች። አንድ "የሹፌር" ሁለቴ ጽፋዋለች።